ቨርጂኒያ ውስጥ የምርጫ አስፈጻሚ ነኝ፤ ጠይቁኝ

ዜግነት ከወሰድኩ ጀምሮ ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ በየምርጫው ጣቢያ ተቀምጬ መራጭ አስተናግዳለሁ። ሌሊት 11 ሰዓት ገብተን፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት በር እንከፍታለን፤ የምንዘጋው ምሽት 1 ሰዓት ነው። ሰሞኑን «ስለ ምርጫ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ» ብዬ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። ተመሳሳዮቹን አጣምሬ እመልሳለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ግሪን ካርድ አለኝ። መንጃ ፈቃድ ላወጣ ስሄድ «ለምርጫ ትመዘገባለህ ወይ?» ተባልኩ። ልመዝገብ?

መልስ፦ እንዳትመዘገብ፣ ወንድሜ። በፌዴራልም በቨርጂኒያም ምርጫ ድምፅ የሚሰጠው ዜጋ ብቻ ነው። ዜጋ ሳትሆን «ዜጋ ነኝ» የሚለው ላይ ምልክት ካደረግህ ከአገር እስከመባረር ሊያደርስህ ይችላል። የዜግነት ማመልከቻው ላይም ስለ ምዝገባና ስለ ምርጫ ይጠይቁሃል። ዲሲ በ2024 ዜጋ ያልሆኑ ነዋሪዎች ለከተማው ምርጫ ድምፅ እንዲሰጡ ፈቅዳ ነበር። ሜሪላንድ ውስጥ ታኮማ ፓርክም ከ1990ዎቹ ጀምሮ ትፈቅዳለች። ያ ግን የከተማ ምርጫ ብቻ ነው። እዚያ ብትኖርም መጀመሪያ የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክር።

ጥያቄ፦ እናቴ ዜጋ ናቸው፤ እንግሊዝኛ ግን አያነቡም። አብሬያቸው መግባት እችላለሁ?

መልስ፦ ትችያለሽ። ከ1982 ጀምሮ የፌዴራሉ ሕግ ማንበብ የማይችል ወይም አካል ጉዳተኛ የሆነ መራጭ፣ የሚረዳውን ሰው ራሱ መርጦ ይዞ እንዲገባ ይፈቅዳል። የማይፈቀድለት አሠሪው ወይም የሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይ ነው። ፎርም አለ፤ ትፈርማላችሁ፣ በቃ። እግራቸው እምቢ ካላቸውም ከመኪና መውረድ የለባቸውም። 65 ዓመት ከሞላቸው የድምፅ መስጫ ወረቀቱን መኪናው ድረስ እናመጣላቸዋለን።

አንድ ነገር ግን አደራ። ምርጫው የእሳቸው ነው። አንድ ጊዜ አንድ ልጅ እናቱን ይዞ መጣ። ገና ወረቀቱን እንደተቀበለ እስክሪብቶ አንስቶ ከዕጩ ስም አጠገብ ያለውን ክብ ሊያጠቁር ሲል እጁን ያዝ አደረጉት። «ቆይ እንጂ፤ መጀመሪያ አንብብልኝ» አሉት። ከላይ እስከ ታች አነበበላቸው። ወረፋው ረዝሞ ነበር። ማንም አላጣደፋቸውም።

ጥያቄ፦ ለምን ወረቀቱ በአማርኛ አይኖርም?

መልስ፦ ከ1975 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ሕግ የሚያስገድደው ለስፓኒሽ፣ ለእስያና ለአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ቋንቋዎች ብቻ ነው። የአፍሪካ ቋንቋ የለበትም። ይህ ሁልጊዜ ይቆጨኛል። ዲሲ ግን በ2004 የራሷን የቋንቋ ሕግ አውጥታለች፤ አማርኛም ከሚሠራባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ከተሞች ከፈለጉ ይችላሉ ማለት ነው። ካውንቲያችሁን መጠየቅ ነው።

ጥያቄ፦ ሄጄ «ስምህ የለም» ተባልኩ።

መልስ፦ በእኛ ስም የተለመደ ነው። መዝገቡ የሚፈልገው በመጨረሻ ስም ነው፤ የእኛ ደግሞ አንዱ ጋ የአባት፣ ሌላው ጋ የአያት ሆኖ ይገባል። አንድ ጋሼ ተስፋ ቆርጠው ሊመለሱ ሲሉ በራሳቸው ስም ፈለግሁላቸው፤ ተገልብጦ ተመዝግቦ ኖሯል። አስፈጻሚውን ገልብጦ እንዲፈልግ ጠይቁት። ካልተገኘም በጊዜያዊ ድምፅ መስጫ ወረቀት መምረጥ ትችላላችሁ። በባዶ እጃችሁ እንዳትመለሱ።

ጥያቄ፦ «ፖለቲካና ኤሌክትሪክን በሩቁ» ሲባል ነው ያደግነው። ማንን እንደመረጥኩ ቢታወቅስ?

መልስ፦ ይህን የሚሉትን አልወቅስም። አባቴ በቀበሌ ስብሰባ እጅ ሲያወጣ ማን እንደሚያየው ዞር ዞር እያለ ይቃኝ ነበር። ያ ፍርሃት ውቅያኖስ ተሻግሮ አብሮን መጥቷል። እዚህ መምረጥህ ይመዘገባል፤ ማንን እንደመረጥክ ግን አይመዘገብም። ወረቀቱ ላይ ስምህ የለም። ማሽኑ ውስጥ የምታስገባውም አንተው ነህ።

ጥያቄ፦ በአንዲት ድምፅ ምን ይለወጣል?

መልስ፦ በ2017 ኒውፖርት ኒውስ ላይ የሆነውን ልንገርህ። ለቨርጂኒያ ምክር ቤት ሼሊ ሳይመንዝና ዴቪድ ያንሲ ተወዳደሩ። ድጋሚ ሲቆጠር ሳይመንዝ በአንዲት ድምፅ አሸነፈች፤ 11,608 ለ11,607። በማግስቱ ዳኞች አንዲት ወረቀት አነሡ። መራጩ የሁለቱንም ክብ አጥቁሮ፣ የሳይመንዝ ላይ ሰረዝ አድርጎበታል። ዳኞቹ ለያንሲ ቆጠሩት። እኩል ሆኑ። ጥር 4፣ 2018 የሁለቱን ስም ሳህን ውስጥ ከትተው ዕጣ አወጡ። ያንሲ ወጣለት። ምክር ቤቱ 51 ለ49 ሆኖ በያንሲ ፓርቲ፣ በሪፐብሊካን እጅ ቀረ። ያን ቀን ሥራ ላይ ስለነበረ ወይም ወረፋ ሰልችቶት ስለተመለሰ አንድ ሰው አስብ።

ጥያቄ፦ ድምፅ ይሰረቃል ይባላል። አንቺ ምን አየሽ?

መልስ፦ ያየሁትን ብቻ ልናገር። በር ከመከፈቱ በፊት ማሽኑ ዜሮ መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት አትሞ ያወጣል፤ እንፈርምበታለን። የፓርቲ ታዛቢዎች ይቀመጣሉ። ማታ የገባው ሰውና የገባው ወረቀት ቁጥር ይመሳከራል። አንዲት ልዩነት ከመጣች ምክንያቷ እስኪገኝ ቤት መሄድ የለም። ወረቀቶቹም ይታሸጋሉ። ስለዚህ ድጋሚ ቆጠራ ሲባል የሚቆጠር ነገር አለ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ዴሞክራሲው ታሟል የሚባለው ለምንድን ነው?

መልስ፦ የሚያሳስበኝ አለ። ድሮ ዘር ይለዩ የነበሩ ግዛቶች፣ ቨርጂኒያን ጨምሮ፣ የምርጫ ደንብ ሲለውጡ ቀድመው ከፌዴራል መንግሥት ማስፈቀድ ነበረባቸው። በ2013 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያንን አሠራር ሽባ አደረገው። ቨርጂኒያ በ2021 የራሷን የመምረጥ መብት ሕግ አወጣች፤ ደስ ብሎኛል። ብዙ ሌሎች ግዛቶች ላይ ግን ምርጫ ጣቢያ ሲዘጋ ቀድሞ የሚያስቆም የለም።

አኒ ሃርፐርን አውቃቸው ዘንድ ማንም አልነገረኝም ነበር። ዛሬ ብዙዎቻችን የምንኖርበት የፌርፋክስ ካውንቲ ነዋሪ፣ ጥቁር አሜሪካዊት ነበሩ። ቨርጂኒያ ለመምረጥ በዓመት 1 ዶላር ከ50 ሳንቲም ታስከፍል ነበር፤ ካልከፈልክ የሦስት ዓመቱን ውዝፍ ታጠራቅምብሃለች። ከሰሷት። በ1966 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፈረደላቸው። እኔ ዛሬ በነፃ የምገባበትን በር የከፈቱት እሳቸው ናቸው። መዝገቡ ላይ ያበሻ ስም ባየሁ ቁጥር ትዝ ይሉኛል።

ጥያቄ፦ አሜሪካዊ ሆኜ ኢትዮጵያ ውስጥ መምረጥ እችላለሁ?

መልስ፦ አይቻልም። የኢትዮጵያ ሕግ ጥምር ዜግነት አይፈቅድም። የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያም የመምረጥና የመመረጥ መብት አይሰጥም።

ጥያቄ፦ የ8 ዓመት ልጅ አለኝ፤ የምተውበት የለኝም።

መልስ፦ ይዘሽው ነይ። እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ ከወላጁ ጋር መግባት ይችላል። ወረቀቱን ማሽኑ ውስጥ ስታስገቢ አጠገብሽ ቁሞ ይይ።