መርከቡ መሪ እምቢ ሲል

እህቴ፣ በፊዚክስ ተመርቀሽ የባሕረኛነት ሥልጠና ልትገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 ኤቨር ጊቭን የተባለችው የ400 ሜትር መርከብ በስዊዝ ቦይ ተቀርቅራ ስድስት ቀን መዋሏን ካየሽ ወዲህ ዴክ (መርከቡን የመምራት ዘርፍ) አስፈርቶሻል፤ «ኢንጂን (የሞተር ዘርፍ) ልግባ?» ትያለሽ። አባትሽ ደግሞ «ሹፌር ለመሆን ነው የተማርሽው?» ይሉሻል።

አባትሽ ተሳስተዋል። መሪውን የሚይዘው ሌላ ሰው ነው። የዴክ መኮንን ግን ፓይለቱ (ውሃውን የሚያውቅ፣ መንገድ ሊመራ የሚሳፈር የአካባቢው ባለሙያ) ያዘዘው በትክክል መፈጸሙን ከመሪው ጠቋሚ ላይ ያያል፤ የመርከቡን ቦታ፣ ፍጥነትና ከሥር የቀረውን ውሃ ይከታተላል። ፓይለት ተሳፈረ ማለት ካፒቴኑና መኮንኑ ከኃላፊነት ወጡ ማለት አይደለም።

የምትፈሪው ነገር ደግሞ የተማርሽው ፊዚክስ ነው። ጥልቀት በሌለው ቦይ ከመርከቡ ሥር የሚያልፈው ውሃ ይፈጥናል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ መርከቡም ወደ ታች ዝቅ ይላል፤ ስኳት ይሉታል። ግምቱ ቀላል ነው፦ ፍጥነቱን በኖት (በሰዓት የባሕር ማይል) ወስደሽ በራሱ አባዢው፣ በመርከቡ የሙላት መጠን (ውሃ ውስጥ ያለው አካሉ በዚያው ርዝመት፣ ስፋትና ጥልቀት ያለ ሣጥን ስንት እጁን እንደሚሞላ) አባዢና ለ50 አካፍዪ። ሙላቱ 0.8 የሆነ ታንከር መርከብ በ10 ኖት 1.6 ሜትር ይወርዳል፤ በ5 ኖት 40 ሳንቲሜትር ብቻ። ከሥሩ 1 ሜትር ውሃ ብቻ ካለ በ10 ኖት መሬት ነካ ማለት ነው። ከዚያ በፊት ምልክት አለው፦ መርከቡ ይንቀጠቀጣል፣ የሞተሩ ዙር ይወርዳል፣ መሪው ይዘገያል።

ወደ አንዱ ዳር ከተጠጋ የኋላው ወደ ዳሩ ይሳባል፣ የፊቱ ወደ ማዶ ይገፋል። እዚህ ላይ ጀማሪ ሞተር ያጠፋል። ስሕተት ነው፤ የፕሮፔለር (የሚሽከረከረው መግፊያ) ውሃ ያልደረሰው መሪ ተራ ሳንቃ ነው። መድኃኒቱ መሪውን እስከ 35 ዲግሪ አዙሮ ለአጭር ጊዜ ኃይል መስጠት፣ ፍጥነት ሳይጨምር መልሶ መቀነስ ነው። ይህ የሚቻለው ግን አስቀድሞ በዝግታ ለገባ ነው፤ በሙሉ ኃይል የገባ የሚጨምረው የለውም።

ኢንጂን የተማረ የብስ ላይ ሥራ ቶሎ ያገኛል፣ አልክድም። የዴክ ሰው አድልዎ በይው፣ እኔ ግን ዴክ ግቢ እላለሁ።

የወንድምሽን ክፍያ በዶላር ትሸፍኚያለሽ ብለው ቤተሰቦችሽ እንዳይበደሩ ዛሬውኑ ንገሪያቸው፤ የካዴት (የሠልጣኝ) አበል የመኮንን ደመወዝ አይደለም፤ ለመኮንንነት ምስክር ወረቀት ቢያንስ 12 ወር የባሕር ልምምድ ይቀርሻል። ለእንግሊዝኛሽ ከመሪ ትእዛዞች ጀምሪ።

ሲሙሌተር (የመርከብ ማስመሰያ መለማመጃ) ላይ ስትቀመጪ አንዱን ቦይ በ10 ኖት፣ ከዚያ በ5 ኖት እለፊና ከሥር የቀረውን ውሃ በየደቂቃው ጻፊ።