መልስ፦ መግለጫችንን ጋዜጠኞች ለምን ዝም አሉት?

እህቴ፣ ባቲ አካባቢ ስለሚመረቀው የውሃ ቦኖ የላክሽውን መግለጫ ሦስት ጊዜ ዝም ያሉሽ በመጀመሪያው አንቀጽ ምክንያት ነው። አራት ኃላፊዎችን ከነማዕረጋቸው ደርድረሻል፤ ውሃው የመጣው አምስተኛው መስመር ላይ ነው። ገልብጪው! ጀሪካን አዝለው ወንዝ ይወርዱ የነበሩት እናቶች አሁን ደጃቸው ላይ እንደሚቀዱ ተናግረሽ ጀምሪ፣ ኃላፊዎቹ ከታች ይደርሳሉ።

ከዚያ፦

1. ለሁሉም በጅምላ አትላኪ። ደሴ ላይ የውሃና የጤና ዜና የሚሠራውን ጋዜጠኛ ለይተሽ ደውይለት።
2. ምረቃውን ጠዋት 3 ሰዓት አድርጉት። ከሰዓት ከሆነ፣ ከባቲ በኮምቦልቻ አድርጎ ደሴ ገብቶ፣ ምስሉን ቆርጦ ለማታው የ2 ሰዓት ዜና ማድረስ ይከብደዋል። ሰኞ ደግሞ የባቲ ገበያ ስለሆነ ሰው አታገኙም።
3. ቦኖው ጋ ፈቃደኛ የሆነች እናት ትኑር። የምትለውን ግን አታስጠኗት፣ ያስታውቃል።

አንድ ነገር አደራ። ቁጥር ራስሽ ሳታጣሪ አትስጪ። እኔ በፊት የምሠራበት መሥሪያ ቤት የሰጠኝን የተጠቃሚ ቁጥር እንዳለ አስተላለፍኩ፤ ጋዜጠኛው ቀበሌ ወርዶ መዝገቡን ሲያይ ግማሹም አልነበረም። ያን ቀን ደውዬ ስህተቱን ማመን ነበረብኝ፤ ዝም አልኩ። ከዚያ በኋላ ስልኬን ለረጅም ጊዜ አላነሳልኝም።