ፊርማ፣ ቲተርና ግልባጭ፦ ስለ ኮሚት መልእክት ለላካችኋቸው ጥያቄዎች

ባለፈው ስለ ኮሚት መልእክት ጥቂት ብዬ ነበር፤ ጊት በሚባለው የኮድ መዝገብ ላይ አንድን ለውጥ (ኮሚት) ስንመዘግብ አብረን ስለምንጽፈው ማብራሪያ ማለቴ ነው። ከዚያ ወዲህ የጥያቄ ናዳ ወረደብኝ፤ አብዛኛው ስለ ትሬለር ነው። አንዳንዱን አሳጥሬዋለሁ፣ አንዳንዱን ደግሞ ስድቡን ቀንሼ ነው ያቀረብኩት። ትእዛዞቹን በእኛው ፊደል እጽፋቸዋለሁ፤ እናንተ ኪቦርዱ ላይ በላቲን ምቷቸው።

ጥያቄ፦ ሥራ ከጀመረች ሦስት ወሯ ነው። «ትሬለር ሲባል እኔ የማውቀው የጅቡቲ መንገድ ላይ ያለውን ተሳቢ ነው። ቢሮ ውስጥ ሁሉም ‹ትሬለር ጨምሪበት› ይለኛል። መጠየቅ አፈርኩ።»

አትፈሪ፣ እሱም ተሳቢ ነው። ከኮሚት መልእክቱ ኋላ የሚጎተት ተሳቢ።

የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ አስቢ። ከላይ «ጉዳዩ፦» አለ። ከሥሩ ሐተታው ይመጣል። ከዚያ «ከሰላምታ ጋር»፣ ፊርማ፣ ቲተር፣ ማህተም። ከሁሉም በታች «ግልባጭ፦ ለሒሳብ ክፍል፣ ለመዝገብ ቤት»። ኮሚትም እንደዚያው ነው። የመጀመሪያው መስመር ጉዳዩ ነው። ባዶ መስመር ትዘይና ሐተታውን ትጽፊያለሽ፤ ምን ለወጥሽ፣ ለምን ለወጥሽ። መጨረሻ ላይ አጫጭር መስመሮች ይመጣሉ። በግራ ስያሜ፣ ሁለት ነጥብ፣ በቀኝ ዝርዝሩ። «ሪቪውድ-ባይ» ብሎ የገመገመው ሰው ስም። «ፊክስስ» ብሎ የተስተካከለው ኮሚት ቁጥር። ትሬለር ማለት እነዚህ ናቸው። ሊኑክስ የሚባለውን ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሚጽፉት ሰዎች «ሲሲ» የሚል ትሬለርም አላቸው፤ እሱማ ራሱ ግልባጭ ነው።

ሐተታውን የሚያነበው ሰው ነው። ትሬለሩን ማሽንም ያነበዋል። «እገሌ የገመገማቸውን ብቻ አውጣልኝ» ስትይው ጊት ለቅሞ ያወጣልሻል።

ጥያቄ፦ «በትክክል ጽፌዋለሁ፤ ጊት ግን ትሬለሬን አያየውም። ጊት ባግ አለበት?»

ጊት ባግ የለበትም። ከላዩ ባዶ መስመር አልተውክም፣ ወይም ከሥሩ «አመሰግናለሁ» ብለሃል። ትሬለር የመጨረሻው አንቀጽ ነው። ስያሜው ውስጥ ክፍት ቦታ አይገባም፣ በሰረዝ አያይዘው። «ጊት ኢንተርፕሪት-ትሬለርስ» የሚባለው ትእዛዝ በፈረንጆቹ ከ2014 ጀምሮ አለ፤ መልእክቱን ስጠውና ምን እንዳየ ይነግርሃል። በእጅ መጻፉ ከሰለቸህ ደግሞ ከጊት ቅጂ 2.32 ወዲህ «ጊት ኮሚት» ራሱ «--ትሬለር» የሚል አማራጭ አለው።

ጥያቄ፦ «‹ጊት ኮሚት› ላይ የሚጨመሩት ትንሿ ኤስ (-s) እና ትልቋ ኤስ (-S) ልዩነታቸው ምንድን ነው?»

ትንሿ «ሳይንድ-ኦፍ-ባይ» («የፈረመው» እንደማለት) የሚል መስመር ከስምሽ ጋር ትጽፍልሻለች። ትልቋ በምስጢር ቁልፍ ትፈርማለች። የመጀመሪያዋን ማንም በስምሽ ሊጽፋት ይችላል፣ ሁለተኛዋን ቁልፍሽን ካልሰረቀ አይችልም። ስለ ቁልፍ አያያዝ የሴኩሪቲ ሰው ጠይቂ።

ጥያቄ፦ አንድ የጎንደር ልጅ ነው። ቡድኑ ኮሚቱን በአማርኛ ይጽፋል። «‹ገምጋሚ፡› ብለን ስም እንጽፋለን። ስንፈልገው አይገኝም። አማርኛ አይቻልም ማለት ነው?»

በመጀመሪያ፣ በአማርኛ መጻፋችሁ ደስ ብሎኛል። ጉዳዩንም ሐተታውንም ጊት ያለ ችግር ይቀበላል፤ ሲጀመርም የሚጠብቀው ዩቲኤፍ-8 የሚባለውን፣ የሁሉንም ቋንቋ ፊደል የሚይዘውን አጻጻፍ ነው። በቀኝ በኩል የሚገባው ስምም በግዕዝ ፊደል ቢሆን ችግር የለውም። ጣጣው በግራ በኩል ነው። የትሬለር ስያሜ ላይ ጊት የሚቀበለው የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ቁጥርና ሰረዝ ብቻ ነው። «ገ»ን ሲያይ «ይሄ ተራ ጽሑፍ ነው» ብሎ ያልፋል። ሁለተኛ፣ የተጠቀማችሁት የእኛን ሁለት ነጥብ ነው። ለዓይን ይመሳሰላል፣ ለማሽን ግን ሌላ ምልክት ነው። መለያ ምልክቱን በማስተካከያ መቀየር ይቻላል፤ የስያሜውን ፊደል ግን አይቻልም።

ስለዚህ ወይ የተለመደውን «ሪቪውድ-ባይ» ተጠቀሙ፣ ወይ «ገምጋሚ»ን በላቲን ፊደል ጻፉት። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። የገምጋሚው ስም አንዴ በግዕዝ፣ አንዴ በላቲን፣ አንዴ በሁለት «ኤስ» አንዴ በአንድ እየተጻፈ ካስቸገራችሁ ደግሞ «ሜይልማፕ» የሚባል ፋይል አለ። የአንዱን ሰው ስሞች ሁሉ እዚያ ሰብስቡ፣ ጊት እንደ አንድ ሰው ይቆጥራቸዋል።

ጥያቄ፦ «ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚያሳይ ትሬለር ብጨምርስ?»

ጊት ቀኑን የሚይዘው በፈረንጆቹ ከ1970 ጀምሮ በተቆጠረ ሰከንድ ነው፤ ለመስከረምም ለጃንዋሪም አያዳላም። ሲታይ የሚቀይርልህ ፕሮግራም ጻፍ፣ መልእክቱ ውስጥ ግን አታስገባው።

ጥያቄ፦ «ቲም ሊደራችን ‹ሪቪውድ-ባይ የሌለው ኮሚት አይገባም› አለ። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን ሥራ ሲበዛ የጎኔን ልጅ ስም እኔው እጽፋለሁ፤ እሱም የኔን ይጽፋል። ተስማምተናል። ችግር አለው?»

አለው። እዚህ ጋ ቁጭ ብለን እናውራ።

ከዓመታት በፊት አንድ ቦታ ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ከደንበኞች ላይ ገንዘብ ሁለት ሁለት ጊዜ እየተቆረጠ ነው። ተረኞቹ መዝገቡን ከፍተው የቅርብ ኮሚቶችን አዩ። የክፍያውን ኮድ የነካ አንድ ኮሚት አለ፤ ግን ሥሩ ላይ ገምጋሚ አለው። «ይሄን ሁለት ሰው አይቶታል» አሉና አለፉት። ሌላ ቦታ ሲቆፍሩ ነጋ። ጥፋቱ ያለው እዚያው ያለፉት ኮሚት ውስጥ ነበር። የገምጋሚው ስም ደግሞ የእኔ ነው። ኮዱን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያን ቀን ጠዋት ነው።

አለቃዬ «ታዲያ ስምህ እዚህ ምን ይሠራል?» አለኝ። ምን ልበለው? እኔም የጓደኛዬን ስም ስንቴ እንደጻፍኩ አላውቅም። ቲተሩን መሳቢያ ውስጥ ሳይቆልፍ ትቶ ሻይ የሚወጣ ኃላፊ ነበርኩ።

አየህ፣ ባዶ ቦታ ቢሆን ኖሮ ተረኞቹ መጀመሪያ እሱን ይፈትሹ ነበር። የሌለ መረጃ ሰው እንዲፈልግ ያደርጋል። የውሸት መረጃ ፍለጋውን ያስቆማል። ትሬለር ከሌለው መልእክት ይልቅ የውሸት ትሬለር ያለው የሚከፋው ለዚህ ነው።

ይሄ ልማድ ከየት እንደመጣ ብታውቅ ደግሞ ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ ይገባሃል። በመጋቢት 2003 በፈረንጆቹ፣ ኤስሲኦ የሚባል ኩባንያ አይቢኤምን ከሰሰ። «የዩኒክስ (ከሊኑክስ በፊት የነበረ ኦፕሬቲንግ ሲስተም) ኮዳችን ሊኑክስ ውስጥ ገብቷል» ነው ክሱ። ያኔ ሊኑክስን የሚጽፉት ብዙ ሰዎች ናቸው፣ ከየአገሩ። «ይህን መስመር ማን አመጣው? በማን እጅ አለፈ?» ተብሎ ሲጠየቅ አጥርቶ መመለስ ከባድ ነበር። በ2004 ግንቦት ላይ የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ አንድ ነገር አመጣ፦ ኮድ የሚልክም የሚያሳልፍም ሰው ሥሩ ላይ «ሳይንድ-ኦፍ-ባይ» ብሎ ስሙን ይጻፍ። ትርጉሙም በአጭር ሰነድ ተቀመጠ። ራሴ ጽፌዋለሁ ወይም ለመላክ መብት ካለው ሰው ተቀብዬዋለሁ፣ ይህም በይፋ መዝገብ እንደሚቀመጥ አውቃለሁ ማለት ነው። ጊት የተወለደው በ2005 ሚያዝያ ነው። ፊርማው ከመዝገቡ በአንድ ዓመት ገደማ ይበልጣል።

«ሪቪውድ-ባይ»ም የራሱ ቃል አለው። የሊኑክስ መመሪያ እንደሚለው፣ ይህን የሚሰጥ ሰው ኮዱን መርምሬዋለሁ፣ ያየሁትን ችግር ነግሬዋለሁ፣ ቢገባ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ እያለ ነው። ስህተት የለበትም ብሎ ዋስ አይሆንም፤ ያን ያህል አይጠየቅም። አይቻለሁ ይበል ብቻ። «ሪቪውድ-ባይ»፣ «ቴስትድ-ባይ» (የሞከረው)፣ «አክድ-ባይ» (የተስማማበት) ያለ ባለቤቱ ግልጽ ፈቃድ አይገቡም።

«ተስማምተናል» ያልከው ፈቃድ አይባልም። እሱ የፈቀደው ስሙን እንጂ ዓይኑን አይደለም።

ምን ታደርጋለህ? መጀመሪያ መጻፉን አቁም። ከዚያ ሊደራችሁ ጋ ሂድና «ሕጉ ከሰዉ ብዛት በላይ ሆኗል» በለው። ሊደሩ ብልህ ከሆነ መስመሩን ሰው እንዳይጽፈው ያደርጋል። ገሪት የሚባለው የኮድ መገምገሚያ ሥርዓት ለምሳሌ እንዲህ ሊዘጋጅ ይችላል፤ ገምጋሚው ራሱ ገብቶ ድምፅ ሲሰጥ፣ ኮሚቱ በሚገባበት ሰዓት ስሙን ሥርዓቱ ይጽፈዋል።

ጥያቄ፦ «ቀን ለአንድ ድርጅት ኮድ እጽፋለሁ። ማታ ኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሥራ) ላይ እሳተፋለሁ። ‹ሳይንድ-ኦፍ-ባይ› ብዬ ብፈርም አሠሪዬ ሊጠይቀኝ ይችላል? አንዳንዴ የቢሮ ላፕቶፕ ነው የምጠቀመው።»

ጠበቃ አማክር። ይህን የምለው ለወግ አይደለም። ያ መስመር «የመላክ መብት አለኝ» ነው የሚለው። መብቱ ያንተ ይሁን የአሠሪህ፣ እኔ ከዚህ ሆኜ ልነግርህ አልችልም። የአገራችን የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምንም ከሚጠበቁ ሥራዎች ይቆጥራል። የቅጥር ውልህ ደግሞ የራሱ አንቀጽ ይኖረዋል፤ አንብበኸዋል? አላነበብከውም። ውሉን ይዘህ ሂድ፣ የላፕቶፑንም ነገር አትደብቀው። ከጠበቃው በፊት አሠሪህን በጽሑፍ ጠይቀህ በጽሑፍ ፈቃድ ካገኘህ ደግሞ ግማሹ ጭንቀት ይቀልልሃል። እስከዚያው ድረስ አትፈርም።

ጥያቄ፦ ከአሜሪካ ነው። «ፓስፖርቴ ላይ የአያቴ ስም የቤተሰብ ስም ሆኗል። ኮድ ላይ ግን በራሴና በአባቴ ስም ነው የምታወቀው። በየትኛው ልፈርም?»

በምትታወቅበት። ሊኑክስ ድሮ «እውነተኛ ስም» ይል ነበር፤ በ2023 «የታወቀ ማንነት» በሚል ለወጠው። ስም አልባ መሆን አይቻልም እንጂ ፓስፖርት የሚጠይቅህ የለም። አንዱን ምረጥና አትቀያይር።

ጥያቄ፦ አንድ ሥራ አስኪያጅ ናቸው። በያንዳንዱ ኮሚት ላይ የቲኬት (ሥራው የሚከታተልበት መዝገብ) ቁጥር፣ የቲኬቱ ደረጃ፣ የፈጀው ሰዓትና የደንበኛው ስም እንዲገባ ሊያዝዙ ነው። «ሁሉ ነገር አንድ ቦታ ይገኛል» ይላሉ።

የቲኬት ቁጥሩን ይዘዙ። ሌላውን ይተዉት፣ ጌታዬ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። የኮሚቱ መለያ ቁጥር የሚሰላው ከመልእክቱም ጭምር ነው። አንድ ፊደል ቢነኩ ቁጥሩ ይለወጣል፣ ከሱ በኋላ የመጡት ሁሉ ይለወጣሉ። የቲኬት ደረጃ ደግሞ ዛሬ «በሂደት ላይ»፣ ነገ «ተዘግቷል» ነው። ኮሚቱ ግን ዕድሜ ልኩን «በሂደት ላይ» እያለ ይኖራል። ድሮ ሰብቨርዥን በሚባለው የኮድ መዝገብ የመልእክቱን ጽሑፍ ቁጥሩን ሳይነኩ በኋላ ማረም ይቻል ነበር፤ ጊት ላይ ያ የለም። ሰዓቱን ካዘዙ ሁሉም «2» እያለ ይጽፍልዎታል፣ እኔም ብሆን እንደዚያ አደርጋለሁ። የደንበኛ ስም ደግሞ ኮዱ አንድ ቀን ለሌላ ሰው ሲሰጥ አብሮ ይወጣል።

መለኪያው ይህ ቢሆን፦ ኮሚቱ ሲጻፍ እውነት የሆነ፣ ነገም የማይለወጥ ነገር ከሆነ ይግባ። ሌላው ቦታው ቲኬቱ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ «አንድ ትሬለር ብቻ ምረጥ ብትባልስ?»

«ፊክስስ»። ያለ ጥርጥር። አንድን ጥፋት ስታስተካክል፣ ጥፋቱን ያመጣው ኮሚት የትኛው እንደሆነ ትጽፋለህ። ሊኑክስ ላይ የመለያ ቁጥሩን ቢያንስ የመጀመሪያ 12 ምልክቶች፣ ከዚያ ርዕሱን በቅንፍ። ይህ መስመር ካለ፣ የድሮ ቅጂዎችን የሚጠብቁት ሰዎች ጥፋቱ የትኛው ቅጂ ውስጥ እንዳለ ያውቃሉ፤ ማስተካከያውን ወደዚያ ብቻ ይወስዳሉ። ከሌለ ይገምታሉ። ለመጻፍ ደግሞ የጥፋቱን ምንጭ ፈልገህ ማግኘት አለብህ። ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ጥፋት የሚገኘው በዚያ ፍለጋ ነው።

ጥያቄ፦ «የኤአይ መሣሪያዬ ሳልጠይቀው ራሱን ‹ኮ-ኦተርድ-ባይ› (አብሮ የጻፈው) ብሎ ያስገባል። ልሰርዘው?»

በእሱ እገዛ የተጻፈ መሆኑ ለአንባቢ ይጠቅማል ካልሽ ተይው፤ ፕሮጀክቱ ሕግ ካለው ሕጉን ተከተይ። «ሳይንድ-ኦፍ-ባይ» ላይ ግን የማሽን ስም አይገባም። መብት አለኝ ብሎ ቃል የሚሰጥ ሰው ነው፣ ከተጠየቀም የሚጠየቀው ሰው ነው።

ጥያቄ፦ የመጨረሻዋ። «ሪቪውድ-ባይ ረስቼ ፑሽ አደረግኩ፤ ኮሚቱን ወደ ጋራው ማከማቻ ላክሁት። ግምገማው በእውነት ተደርጓል፣ እምላለሁ። አሁን ምን ላድርግ?»

አምኜሻለሁ። ብራንቹ (የሥራ ቅርንጫፉ) ያንቺ ብቻ ከሆነ ኮሚቱን በ«አሜንድ» አርሚና መልሰሽ ላኪው። ሌሎች ከወሰዱት ግን ታሪኩን አትንኪ፤ «ጊት ኖትስ» ተጠቀሚ። ኮሚቱን ሳይነካ ማስታወሻ ይለጥፍበታል። ማስታወሻው ከተለመደው ፑሽ ጋር አብሮ አይሄድም፤ ማስታወሻዎቹ የሚቀመጡበትን «ሪፍስ/ኖትስ»ን ለብቻው ካልላክሽው ያንቺ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ይቀራል።