«የልጄን ፎቶ የምታሳየኝ የጎረቤት ልጅ ናት»

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ደሴ፣ ሸዋበር አካባቢ ነው የምኖረው። ሴት ልጄ ዱባይ ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች፣ ከሄደች ሦስት ዓመት ሊሆናት ነው። ታናሽ ወንድሟ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ገብቷል። ስልክ ልካልኝ ዋትስአፕም ቴሌግራምም ተጭኖልኛል፣ ግን ብዙም አላውቅበትም። በዋትስአፕ ልደውልላት ስል እንቢ ይለኛል። የሚያናድደኝ ግን ሌላ ነው። የጎረቤቴ ልጅ «እትዬ፣ ዛሬ እኮ ፎቶ ለጥፋለች» እያለች በራሷ ስልክ ታሳየኛለች፣ በእኔ ስልክ ሲፈለግ የለም። የወለድኩት እኔ፣ የሚያየው ጎረቤት! አንዳንዴ ለእኔም ትልክልኛለች፣ «ምነው ከሳሽ» ብዬ ሳስጽፍላት ደግሞ ሳምንት ትጠፋለች። ምን ላድርግ? እኔስ ምን ልላክላት? ቤቱ እንደሆነ ያው ቤት ነው።
የሁለት ልጆች እናት፣ ከደሴ

መልስ፦ አብሽሩ እናቴ። ከቀላሉ እንጀምር። ዋትስአፕ ላይ «ስታተስ» የሚባለው ፎቶ የሚታየው ሁለታችሁም የአንዳችሁን ቁጥር በስልካችሁ ስትመዘግቡ ነው። ልጅዎ እዚያ ስትገባ ሲም ቀይራለች፣ እርስዎም አዲስ ስልክ ይዘዋል። የጎረቤት ልጅ ቁጥሯን መዝግባዋለች፣ እርስዎ ጋ ግን ምናልባት ያለ ስም ቁጥሩ ብቻ ተቀምጦ ይሆናል። ዛሬውኑ ያስመዝግቡት፣ እሷም የእርስዎን ትመዝግብ። ደግሞ ስታተስ ከ24 ሰዓት በኋላ ይጠፋል፣ ትናንት ጠዋት የለጠፈችውን ዛሬ ማታ ቢፈልጉት አያገኙትም። ይህ ሁሉ ተደርጎም ካልመጣ እንግዲህ ከእርስዎ ጋርዳው ሊሆን ይችላል፣ እንዲህ ማድረግ ይቻላል። ቅር አይበልዎ፣ ምክንያቱን የምገምት ይመስለኛል።

«ምነው ከሳሽ» ያሏት ነገር ነው። የእኛ አገር እናት ፎቶ ሲመጣላት መጀመሪያ የምታየው ጉንጭ ነው። የእኔም እናት እንዲሁ ነች። አዳማ ስማር አንድ ፎቶ ልኬላት «ምነው አንገትህ እንዲህ ቀጠነ» ብላ አስጨነቀችኝ፣ ከዚያ ወዲያ በዚያ ሁሉ ሙቀት ለእሷ የምልከውን ፎቶ ሹራብ ለብሼ ነበር የምነሳው። ልጅዎ ቀኑን ሙሉ ቆማ ውላ፣ ደክሟት፣ የሻይ ብርጭቆ ይዛ የተነሳችውን ስትልክልዎ «እማዬ አለሁ» ማለቷ ነው። መልሱ ምርመራ ከሆነባት ወይ በሚቀጥለው ተኳኩላና ተውባ ትመጣለች፣ ወይ ጭራሽ ትተወዋለች። ስለዚህ ስለሚያዩት ነገር ያውሯት። «ሻዩ ወተት አለው እንዴ?» «ይቺ መጋረጃ አዲስ ናት?» እንደዚህ። ጭንቀቱን አይዋጡት፣ ግን የረፍት ቀኗ ሲደርስ በድምፅ ይጠይቋት።

ጥሪው እንቢ ያለው ስልክዎ ተበላሽቶ አይደለም። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ የዋትስአፕን የድምፅና የቪዲዮ ጥሪ ዘግታዋለች። ጽሑፍ፣ ፎቶና የድምፅ መልእክት ግን ያልፋል። መጻፍ ካስቸገረዎት ማንንም አያስጽፉ። የማይክሮፎኗን ምልክት በጣትዎ ተጭነው ያውሩ፣ ሲጨርሱ ይልቀቁት፣ በቃ ሄደ። «ከሳሽ» የሚለውን በሰው እጅ ተጽፎ ከማንበብ የእርስዎን ድምፅ መስማት ለእሷም ይሻላታል።

«ቤቱ ያው ቤት ነው» ላሉት፣ እሱን እኮ ነው የናፈቀችው! የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ከደጃፍዎ ሲታይ ያንሱት። ጀበናው ከሰል ላይ ተጥዶ፣ ነጠላዎ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ክረምት ላይ የሰኞ ገበያ ጭቃ፣ የጎረቤቱ ሕፃን ቆሞ ሲሄድ። ፎቶ ልነሳ ነው ብለው የሐበሻ ቀሚስ ከሳጥን አያውጡ። ቢወላገድም ግድ የለም፣ ግማሽ ጣትዎ ቢገባበትም ይላኩት፣ ጣቱም የእርስዎ ነው። አቦሉ ሲቀዳ አንድ ፎቶ፣ ከሥሩ ሁለት ቃል በድምፅ፣ ይኸው ነው። ዱባይ በ1 ሰዓት ብቻ ነው የምትቀድመን፣ እርስዎ ቡና ሲያፈሉ እዚያም ቀኑ አልመሸም። መልስ ካልመጣ ሥራ ላይ ናት፣ ደጋግመው አይላኩባት።

አንድ ነገር ግን አደራ። «የአሠሪሽን ቤትና ልጆቿን አሳይኝ» እንዳይሏት። እዚያ አገር ሰውን ሳያስፈቅዱ ፎቶ ማንሳት በሕግ ያስጠይቃል፣ ልጅቱን ጣጣ ውስጥ ይከቷታል። እሷ የላከችልዎንም ለዘመድ ሁሉ አይበትኑት፣ ለእናቷ ብላ ነው የላከችው። ካርድ ቶሎ እያለቀ ካስቸገረዎት ደግሞ የጎረቤቷን ልጅ ፎቶና ቪዲዮ በዳታ በራሱ እንዳይወርድ አጥፊልኝ ይበሏት፣ በዋትስአፕም በቴሌግራምም ላይ አለ፣ ከዚያ የፈለጉትን ብቻ ነክተው ይከፍታሉ። በቴክስት የሚመጣ የቁጥር ኮድ ካለ ለማንም አይንገሩ፣ በልጅዎ ስም ቢጠየቁም እንኳ።

የኮምቦልቻውን በተመለከተ፣ ለእሱ ፎቶ ሳይሆን ሚኒባስ ነው የሚያስፈልገው። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ እኮ ነው፣ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ይምጣ። ብርዱን ከፈራ ጋቢ እንዳለ ይንገሩት።

ጥያቄ፦ እኔ ደግሞ ኮምቦልቻ ነኝ፣ የስምንት ወር ሴት ልጅ አለችኝ። አማቴ ሐይቅ ናቸው፣ የልጅቷን ፎቶ ፌስቡክ ላይ ስለጥፍ «ዓይን ይበላታል» ብለው ተቆጡኝ። እኔ ዘመድ ይያት ብዬ እንጂ ለሌላ አይደለም። ማን ነው ልክ?
አዲሷ እናት

መልስ፦ አማትሽ። እሳቸው ዓይን ያሉትን እኔ የማታውቂው ሰው እለዋለሁ እንጂ በነገሩ ተስማምተናል። የተለጠፈ ፎቶ ማን ጋ እንደደረሰ፣ ማን እንዳስቀረው አታውቂም፣ ልጅቷም አድጋ «ማን ፈቀደልሽ» ልትልሽ ትችላለች። ዘመድ እንዲያይ ከሆነ ቴሌግራም ላይ ትንሽ ግሩፕ ክፈቺ፣ አንቺ፣ ባልሽ፣ እናትሽ፣ አማትሽ፣ ቢበዛ አንድ ሁለት እህት። አጎትና የአጎት ልጅ መጨመር ከጀመርሽ ያው ፌስቡክ ሆነ። ገንፎ ፊቷን ቀብታ፣ አልቅሳ፣ ተኝታ፣ እንደመጣላት አንሺና ላኪ፣ ማሳመር አያስፈልግም። ፌስቡክ ላይ የነበሩትን አጥፊና ለአማትሽ ንገሪያቸው። ጥርስ ስታወጣ ደግሞ የመጀመሪያው ፎቶ ግሩፑ እንኳ ሳያየው በቀጥታ ለእሳቸው ይሂድ።