ማስተርና ሜይን አንድ ሪፖ ላይ ሲጋጩ

ጥያቄው የመጣው ከጅማ፣ ሶፍትዌር ከሚጽፉ አራት ጓደኛሞች ነው። ጊት የኮድን ለውጥ የሚመዘግብ ፕሮግራም ነው፤ ጊትሃብ ኮዱ ኢንተርኔት ላይ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ፣ ሪፖ የፕሮጀክቱ ማኅደር፣ ብራንች በውስጡ ያለ የሥራ መስመር፣ ፑሽ ማድረግ ደግሞ ሥራን ወደ ጊትሃብ መላክ ነው። ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «የገበሬ ማኅበራት የሚረከቡትን ቡና የሚመዘግብ ክፍት ሶፍትዌር እየሠራን ነው። አንዱ ላፕቶፑ ላይ ሲጀምረው ብራንቹ ማስተር ተባለ። ሌላዋ ጊትሃብ ላይ ሪፖውን ስትከፍት ሜይን ሆነ። አሁን ሁለቱም አሉ፣ ማን የት ፑሽ እንዳደረገ ጠፍቶናል። አንዱን እንምረጥ ስንል ጭቅጭቅ ተነሣ። አንዷ ‹ማስተር የጌታና የባሪያ ቃል ነው፣ ይቅር› ትላለች። አንዱ ‹የፈረንጅ ጣጣ ነው፣ እኛን አያገባንም› ይላል። ሌላው ደግሞ ‹ዋና› እንበለው ብሏል። የቱን እንያዝ? ሥራችን ሳይጠፋስ እንዴት እንሻገር?»

ሜይንን ያዙ። ለምን እንደሆነ እመለስበታለሁ፤ መጀመሪያ ሥራችሁን እናድን። ትእዛዞቹን እንደሚነበቡ ነው የምጽፋቸው፣ ተርሚናሉ ላይ በላቲን ፊደል ትጽፏቸዋላችሁ።

ሁላችሁም በእጃችሁ ያለውን ኮሚት አድርጉ (ለውጡን ጊት ላይ መዝግቡ)፣ ፑሽም አድርጉ። ከዚያ አንድ ሰው ይሥራ፣ ሌሎቻችሁ እስኪጨርስ እጃችሁን ሰብስቡ። እሱም መጀመሪያ ሪፖውን በ«ሚረር» አማራጭ ክሎን አድርጎ (ሙሉ ቅጂውን አውርዶ) ፍላሽ ላይ ያስቀምጥ። እንዲህ ሲወርድ ብራንቹም ታጉም (የእትም ምልክቱም) ሁሉ አብሮ ይመጣል። መብራትና ኔትወርክ መሃል ላይ ጥሎን ሲሄድ እያየን ይህን መዝለል ድፍረት ነው።

ቀጥሎ ማስተር ላይ ሆኖ ፑል ያድርግ (አዲሱን ከጊትሃብ ያውርድ)፣ ከዚያ ኦሪጅን ሜይንን፣ ማለትም ጊትሃብ ላይ ያለውን ሜይን፣ መርጅ ያድርግ (ያዋህድ)። ጊት «የማይዛመዱ ታሪኮችን አላዋህድም» ብሎ እምቢ ሊል ይችላል። አትደንግጡ። አንዱ ላፕቶፕ ላይ፣ አንዱ ጊትሃብ ላይ ስለተወለዱ የጋራ መነሻ ኮሚት የላቸውም ማለት ነው። «አላው አንሪሌትድ ሂስትሪስ» የሚለውን አማራጭ ጨምራችሁ ለአንድ ጊዜ ብቻ ፍቀዱለት። የሚጋጨው ፋይል አብዛኛውን ጊዜ የፕሮጀክቱ ማብራሪያ ፋይል፣ ሪድሚው ነው።

አሁን ስሙን ቀይሩ፦ ጊት ብራንች፣ ሰረዝ ትንሿ ኤም፣ ማስተር፣ ሜይን። ላፕቶፑ ላይ ሜይን የሚባል ብራንች ቀድሞ ካለ ጊት አይቀይርም፤ ያልተላከ ነገር እንደሌለው አይታችሁ አጥፉትና ድገሙት። ልብ በሉ፣ ስሙ ቢቀየርም ብራንቹ አሁንም የሚከተለው ኦሪጅን ማስተርን ነው። ስለዚህ ስትልኩት ሰረዝ ዩ ጨምራችሁ ኦሪጅን ሜይን በሉት። የኦሪጅን ሜይን ታሪክ አስቀድሞ ስለገባበት ፑሹ በሰላም ያልፋል። «ፎርስ» ካላደረግን (በግድ ካልላክን) አይገባም የሚያሰኝ ነገር ከመጣ የዘለላችሁት ነገር አለ። እዚያው ቁሙና ፈልጉት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። ጊትሃብ ብራንች ስም የሚቀይር የራሱ ቁልፍ አለው። ቁልፉ ክፍት ፑል ሪኩዌስቶችን («ኮዴን አስገቡልኝ» የሚሉ ጥያቄዎችን) ወደ አዲሱ ስም ያዞራል፣ የድሮ ሊንኮችንም ያሻግራል። ማስተር ብቻ ቢኖራችሁ እሱን ተጠቀሙ እላችሁ ነበር። እናንተ ጋ ግን ሜይን የሚለው ስም ተይዟል፣ ስለዚህ ቁልፉ አይሠራላችሁም። ወደ ማስተር የተከፈተውን እያንዳንዱን ፑል ሪኩዌስት ራሳችሁ ወደ ሜይን አዙሩት። ይህን ሳታደርጉ ማስተርን ብታጠፉ ፑል ሪኩዌስቶቹ ይዘጋሉ፣ ኮድ የላከላችሁ ሰውም ያባረራችሁት ይመስለዋል።

ከዚያ መላው ሪፖ ውስጥ ማስተር የሚለውን ቃል ፈልጉ። ፑሽ ሲደረግ ቴስቱን በራሱ የሚያስኬደው የጊትሃብ አክሽንስ ፋይል፣ ሰርቨሩ ላይ ኮድ የሚያወርደው ስክሪፕት፣ ሪድሚው ላይ ያሉ ሊንኮች። አክሽንሱ ማስተርን ብቻ እንዲጠብቅ ተጽፎ ከሆነ ሜይን ላይ ፑሽ ስታደርጉ ዝም ይላል። ስህተት ስለማያሳይ ቴስቱ መቆሙን የምታውቁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

ይህ ሁሉ ሲያልቅ ኦሪጅን ላይ ያለውን ማስተር አጥፉ። ያልሰማ ሰው ግን ነገ ከድሮ ክሎኑ ማስተር ብሎ ፑሽ ቢያደርግ ብራንቹ ሞቶ ይነሣል። ጊትሃብ ላይ ማስተር የሚባል ብራንች እንዳይፈጠር የሚከለክል ሩል አስገቡ። የቀራችሁት ፌች ከ«ፕሩን» ጋር አድርጋችሁ (አዲሱን አውርዳችሁ የጠፋውን ብራንች ከዝርዝራችሁ አጽድታችሁ) ወደ ሜይን መሻገር ነው።

ወደ ጭቅጭቁ ልምጣ። ጉዳዩ እ.ኤ.አ. በሜይ 2020 ጆርጅ ፍሎይድ አሜሪካ ውስጥ ከተገደለ በኋላ ጋለ። በጁላይ የወጣው ጊት 2.28 የመጀመሪያውን ብራንች ስም ራሳችን እንድንመርጥ ፈቀደ። ጊትሃብ ከኦክቶበር 1 ጀምሮ አዲስ ሪፖዎችን በሜይን መክፈት ጀመረ፣ እንደ ጊትሃብ ያለው ጊትላብም በ2021 ተከተለ። ንግግሩ ግን ከዚያም በፊት ነበር። ከታወቁት ክፍት ሶፍትዌሮች ጃንጎ በ2014፣ ፓይተንና ሬዲስ በ2018 ጌታና ባሪያ የሚሉ ቃላትን መቀየር ጀምረው ነበር።

«አያገባንም» ያለው ወንድማችን አንድ እውነት አለው። እነ ሬዲስ ጋ ባሪያ የሚለው ቃል በግልጽ ተጽፎ ነበር፤ ጊት ውስጥ ግን ባሪያ የሚባል ብራንች የለም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2005 ስሙን የመረጠው ፔትር ባውዲስ ራሱ፣ ምነው ያኔ ሜይን ባልኩት ብሏል። ደግሞስ ጅማ ተቀምጦ ባርነት የፈረንጅ ጣጣ ነው ማለት ይከብዳል። የጅማው የሂርማታ ገበያ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከሌላው ሸቀጥ ጋር ሰውም ይሸጥበት ነበር። ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው፣ የአያቶቻችን ዘመን ማለት ነው።

እኔን የሚያሳምነኝ ግን ሂሳቡ ነው። ቃሉ የሚከብዳት ጓደኛችሁ ለምን እንደከበዳት ማስረዳት ያለባት አይመስለኝም። ተቃዋሚው በሜይን የሚያጣው ነገር የለም። አዲስ ሰው ሲመጣም ጊትሃብ ላይ የለመደው ሜይንን ነው። ማስተርን ይዛችሁ ብትቆዩ ይህንኑ ጣጣ በየጊዜው ትደግሙታላችሁ።

«ዋና» ላለው ልጅ፦ ጊት በፊደላችን የተጻፈ ስም ይቀበላል። እኔም ሐሳቡን ወድጄዋለሁ። ግን በየትእዛዙ ኪቦርድ ልትቀያይሩ ነው፣ ሰው የጻፈው ስክሪፕት ሁሉ ፊደላችንን ይችላል ብላችሁም አትመኑ። ለብቻችሁ ለምትሞክሩት ነገር አስቀምጡት።

የተመረቃችሁበትን ፕሮጀክት የመሰለ ማንም የማይነካው አሮጌ ሪፖ ካላችሁ በማስተሩ ይተኛ። በአራቱም ላፕቶፖች ላይ ግን ዛሬውኑ ጊት ኮንፊግ ግሎባል ብላችሁ «ኢኒት ነጥብ ዲፎልት ብራንች» የሚለውን ሜይን አድርጉት። ጊታችሁ ከ2.28 በታች ከሆነ መጀመሪያ አድሱት፤ አሮጌው ይህን ቅንብር አያውቀውም፣ ዝም ብሎ ማስተር ይላችኋል።