ሻይ የፈሰሰበት ኪቦርድ በፎርማት አይድንም

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ላፕቶፕህ ላይ ሻይ ከፈሰሰ ሦስት ቀኑ ነው። የኤ (A) ቁልፍ አልሠራ ብላለች፤ ስፔሱ ደግሞ ስትጫነው እዚያው ተጣብቆ ይቀራል። የመመረቂያ ጽሑፍህን ለማስረከብ ሁለት ሳምንት ቀርቶሃል። ጥገና ቤት ብትወስደው «ዊንዶውሱ ነው፣ ፎርማት ይፈልጋል» አሉህ፤ ዲስኩን አጥፍቶ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ማለታቸው ነው። «ልስጣቸው ወይ?» ነው ጥያቄህ።

አትስጣቸው። እኔ ሰጥቼ የአራት ዓመት ሥራዬን አጥቻለሁ። በአንተ እንዲደገም ስለማልፈልግ ነው ረዘም አድርጌ የምጽፍልህ።

ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ትንሽ ጽሕፈት ቤት አለችኝ። ክስ፣ መልስ፣ ይግባኝ፣ ውል እጽፋለሁ። ከጠዋት እስከ ማታ ጣቴ ከኪቦርድ አይነሳም። የዛሬ ሁለት ዓመት አንድ ባለጉዳይ አጠገቤ ተቀምጦ ጉዳዩን ይነግረኛል። ፋይሉን ከጠረጴዛው ላይ ሳብ ሲያደርግ የሻይ ብርጭቆው ተገለበጠ። ስኳር የበዛበት ሻይ ነው። ግማሹ ላፕቶፑ ውስጥ ገባ። የምጽፍለት የክስ መልስ በነጋታው ጠዋት ፍርድ ቤት መግባት ነበረበት። ስለዚህ በሶፍት ጠረግ ጠረግ አድርጌ መጻፌን ቀጠልኩ። ይሄ የእኔ ጥፋት ነው። ያን ሰዓት አጥፍቼ፣ ቻርጀሩን ነቅዬ፣ ክዳኑን ከፍቼ እንደ ድንኳን ደፍቼ ማሳደር ነበረብኝ።

ያን ቀን ምንም አልሆነም። በማግስቱ ግን ውሃው ደርቆ ስኳሩ ብቻ ቀርቷል። «ሰላም» ብዬ ስጽፍ «ሰልም» አለኝ። «ደብዳቤ» ስል «ደብድቤ»። በኪማን፣ አማርኛን በእንግሊዝኛ ቁልፎች በሚያስጽፈው ፕሮግራም፣ የሚጽፍ ሰው ይገባዋል። ኤ ከሞተች ራብዕ በሙሉ አብሯት ይሞታል። ላ የለም፣ ማ የለም፣ ዳ የለም። እኔ ቀኑን ሙሉ የምጽፈው ቃል «ተከሳሽ» ነው፤ እሱም «ተከስሽ» ሆኖ ቁጭ አለ። ከድሮ ፋይል ላይ «ላ»ን ኮፒ እያደረግኩ ስለጥፍ አመሸሁ። ያን ሌሊት መቼም አልረሳውም።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ።

1ኛ፦ ምንም ነገር ከመንካትህ በፊት ጽሑፍህን ፍላሽ ላይ ገልብጥ። ዛሬውኑ። የይለፍ ቃልህ ውስጥ ኤ ካለችና መግባት ካቃተህ፣ የዊንዶውስ መግቢያው ገጽ ላይ በታች በቀኝ በኩል ያለችውን የተደራሽነት ምልክት ንካት፤ ስክሪኑ ላይ ኪቦርድ ይወጣልሃል። በማውስ ጻፍበት።

2ኛ፦ በሽታውን ለይ። ከጓደኛህ ባለ ዩኤስቢ ኪቦርድ ተዋስና ሰካ። በዚያኛው ኤ ከሠራች ዊንዶውስህ ጤነኛ ነው። አለቀ። ፎርማት የሚልህን ሰው ከዚያ በኋላ አትስማው። ድራይቨር (ኪቦርዱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) ቢሆን ኖሮ አንድ ቁልፍ መርጦ አይገድልም። ሁሉም ቁልፎች ዘግይተው የሚጽፉ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። በቀኝ በኩል ያለውን ሺፍት 8 ሰከንድ ይዘህ ከቆየህ ፊልተር ኪስ የሚባለው ይበራል፤ ያኔ ነካ ስታደርገው የማይሰማ ኪቦርድ ይሆናል። እንደገና 8 ሰከንድ ስትይዘው ይጠፋል። እኔ ጋ አንዲት ልጅ በዚህ ምክንያት አዲስ ኪቦርድ ልትገዛ ስትል አስቁሜያታለሁ። በአንዳንድ ትናንሽ ላፕቶፖች ደግሞ ነም ሎክ የሚባለው የቁጥር መጻፊያ ቁልፍ ሲበራ ዩ፣ አይ፣ ኦ፣ ጄ፣ ኬ፣ ኤል ቁጥር ይጽፋሉ። እሱም ብልሽት አይደለም።

3ኛ፦ በሳኒታይዘር እንዳትነካው። ይሄንን በደንብ ስማኝ። ከኮሮና ጊዜ የተረፈ ሳኒታይዘር ነበረኝ፤ «አልኮል አይደል» ብዬ ጥጥ ነክሬ ቁልፎቹን አጠብኳቸው። በማግስቱ ስፔሱም ተጣበቀ። ለካስ ሳኒታይዘር ውስጥ እጅ እንዳያደርቅ ግሊሰሪን ይገባበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው አቀማመም እንኳ 1.45 በመቶ ግሊሰሪን አለው። አልኮሉ ይተናል፣ ግሊሰሪኑ ይቀራል። በስኳር ላይ ሌላ ሙጫ ጨመርኩበት ማለት ነው። አሴቶንም እንዳትሞክር፤ ፕላስቲኩን ያቀልጣል፣ ፊደሉንም ያጠፋል። የሚያስፈልግህ አይሶፕሮፒል አልኮል ነው፤ 90 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነው፣ ኤሌክትሮኒክስ የሚጠግኑ ሰዎች የሚጠቀሙበት። ያ ከጠፋ የፋርማሲው 70 በመቶ አልኮል ይሆናል፤ ግን ቀሪው ውሃ ስለሆነ ሳይደርቅ እንዳታበራው።

4ኛ፦ ጥገና ቤት የምትሄድ ከሆነ

እዚህ ላይ የደረሰብኝን ልንገርህ። መገናኛ አንድ ሕንፃ ላይ ያለ ጥገና ቤት ወሰድኩት። ልጁ ከስልኩ ቀና ሳይል ተቀበለኝ። «ሻይ ፈሶበት የኤ ቁልፍ አልሠራ አለችኝ» አልኩት። ሁለት ሦስቴ ነካ ነካ አደረገና «ማዘር፣ ይሄ ዊንዶውስ ነው፤ ፎርማት ነው የሚፈልገው» አለ። «ሻይ እኮ ነው የፈሰሰበት! ዊንዶውስ ከሆነ ሌላው ፊደል ለምን ሠራ?» ብዬ ጠየቅኩት። «ማዘር፣ ይሄ የእርስዎ ሥራ አይደለም። ለባለሙያ ይተዉት» አለኝ። ሰው ቆሞ ያያል፤ አፈርኩና ዝም አልኩ። እኔ ኪቦርድ ላይ 19 ዓመት የተቀመጥኩ ሰው ነኝ። ያን ቀን ዝም ማለቴ እስካሁን ያንገበግበኛል። ፋይሎቼ እንዳይነኩ ግን ነግሬዋለሁ። «ዲ ድራይቭ ላይ እናስቀምጣቸዋለን፣ አያስቡ» ብሎኛል። 800 ብር ቀብድ ከፍዬ ወጣሁ።

ዘጠኝ ቀን አመላለሱኝ። «ነገ ይምጡ»፣ «መብራት ጠፍቶ ነው»፣ «ልጁ የለም»። የፍርድ ቤት ሰው ቀጠሮ አይጠብቅለትም፤ ደንበኞቼ ወደ ጎረቤት ሄዱ። በአሥረኛው ቀን ሰጡኝ። ከፈትኩት። ዴስክቶፑ ባዶ ነው። ዲ ገባሁ፣ እሱም ባዶ። የአራት ዓመት የክስ ናሙና፣ የውል ፎርም፣ የደንበኛ ማመልከቻ፣ አንድም የለም። «ምን አደረጋችሁት?» ስል ደረሰኙን ገልብጦ ከጀርባው በጥቃቅን ፊደል የተጻፈውን አሳየኝ፤ «ለጠፋ መረጃ ተጠያቂ አይደለንም» ይላል። ከዚያ እዚያው ቆሜ ኖትፓድ ከፈትኩና የኤ ቁልፍን ተጫንኳት። ምንም። እንደገና ተጫንኩ። ምንም። ልጁም አየ። «እንግዲያው ማዘርቦርድ ነው፣ 6,000 ብር» አለኝ። ላፕቶፔን አቅፌ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ነው እንባዬ የመጣው።

ስለዚህ መሄድህ የግድ ከሆነ ፊትህ ይክፈቱት። «ነገ ና» ካሉህ ይዘህ ተመለስ። ፎርማት ለምን እንዳስፈለገ በዩኤስቢ ኪቦርድ ያሳዩህ። ማሳየት አይችሉም።

ያዳነኝ ጎረቤታችን ነው፤ ዕድሜውን ሬዲዮና ቴፕ ሲጠግን የኖረ ጋሼ። መነጽሩን አድርጎ የኤ ቁልፍን ክዳን በቀስታ አነሳት። «ነይ እዪ» አለኝ። ከክዳኗ ሥር መቀስ የመሰለች ነጭ ፕላስቲክ አለች፣ መሃሏ ላይ የጡት ጫፍ የምታክል ጎማ። ጎማዋ ዙሪያ ቡናማ ከረሜላ የመሰለ ነገር ደርቆ ያብረቀርቃል። የባለጉዳዩ ሻይ! ዘጠኝ ቀን ጥገና ቤት ሲያድር አንድ ሰው ክዳኗን አላነሳም።

አሠራሩን እሱ እንዳሳየኝ ልንገርህ። ላፕቶፑን አጥፋ፣ ቻርጀሩን ንቀል፣ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ አውጣ። ከመነካካትህ በፊት ኪቦርዱን ፎቶ አንሳው። የቁልፉን ክዳን በቢላ አታንሳ። ያለቀ የስልክ ካርድ ወይም የጊታር መምቻ በአንድ ጥግ አስገብተህ ቀስ ብለህ ቀና አድርግ፤ «ጠቅ» ሲል አቁም፣ ከዚያ በሌላው ጥግ። መንጠቆዎቹ ጸጉር ያክላሉ። አንዱ ከተሰበረ ቁልፉ ዳግም አይቀመጥም። ከዚያ የጆሮ ጥጥ አልኮል ነክረህ ጨመቅ አድርግና በጎማዋ ዙሪያ አሽከርክር። ጥጡ ቡናማ ይሆናል። ጣለው፣ ሌላ ውሰድ። እኔ ለኤ ብቻ 7 ጥጥ ጨርሻለሁ። ጎማዋን ራሷን አትጎትት፤ በብዙ ላፕቶፖች ላይ የተለጠፈች ናት። ክዳኑን ለብቻው በሞቀ ውሃና በሳሙና እጠበው፣ ችግር የለውም። ግን ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ አትመልሰው።

ስፔሱ ሌላ ነው። እሱ፣ ኢንተር፣ ሺፍትና ባክስፔስ ከሥራቸው ቀጭን ሽቦ አላቸው። ረጅም ቁልፍ ጥጉን ስትጫነው እኩል እንዲወርድ የምታደርገው እሷ ናት። ዝም ብለህ ወደ ላይ ከጎተትክ ሽቦዋ መያዣዋን ሰብራ ትወጣለች። አንዱን ጎን ካነሳህ በኋላ ሽቦዋን ከመያዣዋ በጎን አንሸራትተህ አውጣ። ስትመልስ መጀመሪያ ሽቦዋ፣ ቀጥሎ ክዳኑ። ሽቦዋ የምትገባበት ቦታ ላይ ስኳር በብዛት ይከማቻል፤ የአንተ ስፔስ ተጣብቆ የሚቀረው በዚህ እንደሆነ እገምታለሁ።

ሲያልቅ ቢያንስ አንድ ሌሊት ደፍተህ አሳድረው። በጸጉር ማድረቂያ አታሙቀው፤ መቀስ የመሰለችው ፕላስቲክ ትጣመማለች። ሩዝ ውስጥም አትክተተው፣ ስኳርን ሩዝ አያወጣውም፣ ዱቄቱ ነው የሚገባው። ጎሚስታ ወስዶ በኮምፕሬሰር ማስነፋትም አለ፤ ብዙ ሰው ያደርገዋል። የጎሚስታ አየር ውሃና ዘይት አብሮ ይተፋል፣ ጉልበቱም ቁልፍ ነቅሎ ይጥላል። አቧራ ብቻ ከሆነ ገልብጠህ መታ መታ አድርገህ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ማውጣት ይበቃል።

እኔ በማግስቱ ጠዋት አብርቼ «ተከሳሽ» ብዬ ጻፍኩ። «ተከሳሽ» አለኝ። የወጣብኝ የአልኮልና የጥጥ ዋጋ ነው። ከዚያ ወዲህ የአካባቢውን ጽሕፈት ቤቶች 11 ኪቦርድ አጽድቻለሁ፤ ዘጠኙ ድነዋል።

ያልዳኑት ሁለቱ ለምን እንዳልዳኑም እወቅ። በኪቦርዱ ውስጥ ተደራርበው የተቀመጡ ስስ ፕላስቲኮች አሉ፤ ላያቸው ላይ የብር ቀለም የመሰሉ መስመሮች ተስለውባቸዋል። አንድ መስመር ብዙ ቁልፎችን ያገለግላል። ሻዩ መስመሩን ከበላው አራት አምስት ቁልፍ ባንዴ ይሞታል። ይህን ጥጥ አይመልሰውም፣ የብየዳ ካውያ ደግሞ ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል። መጀመሪያ ኪቦርዱን ከማዘርቦርዱ (ከላፕቶፑ ዋና ሰሌዳ) ጋር የሚያገናኘው ፍላት ኬብል መላቀቁን አሳይ፤ እሱ ካልሆነ ኪቦርዱ ይቀየራል። ስታስቀይር አንድ ነገር ጠይቅ፦ ኪቦርዱ በብሎን ነው የታሰረው ወይስ በቀለጠ ፕላስቲክ ከላይኛው ሽፋን ጋር የተጣበቀ? የአዳዲሶቹ ላፕቶፖች ብዙዎቹ የተጣበቁ ናቸው። ነቅለው በሙጫ ከመለሱልህ መሃሉ እብጥ ብሎ ስትጽፍ ይዋልላል። ጎረቤቴ እንዲህ ዓይነቱን ይዛ ስትሰቃይ አያታለሁ።

ጊዜ ካጠረህ ሻርፕኪስ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ። ካፕስ ሎክን ኤ እንድትሆን ታዘዋለህ፣ ሪስታርት ታደርጋለህ፣ ካፕስ ሎክ ኤ ትጽፋለች። ካፕስ ሎክ ደግሞ ከኤ አጠገብ ናት፣ ጣት ቶሎ ይለምዳታል። ጽሑፍህን በዚህ ጨርሰህ ጽዳቱን በኋላ ብታደርገውም ያስኬዳል።

የላፕቶፕህን ሞዴል አልጻፍክም። የኤ ቁልፍን ከማንሳትህ በፊት ሞዴሉንና የቁልፉን የቅርብ ፎቶ ለጥፍልኝ፤ መንጠቆው በየት በኩል እንደሆነ ምልክት አድርጌ እልክልሃለሁ። ማታ ከ2 ሰዓት በኋላ ሥራ ዘግቼ እገባለሁ፣ ያኔ አየዋለሁ።