የላክሁት ኢሜይል መድረሱን በምን አውቃለሁ? ላልሽው እህታችን

እህቴ፣ «ኢሜይል ለመጀመሪያ ጊዜ አውጥቼ የሥራ ማመልከቻ ላክሁ፣ መልስ ግን የለም። መድረሱን በምን ልወቅ? ሲሲና ቢሲሲስ ምንድን ናቸው?» ብለሻል። እኔ ለዓመታት ማመልከቻ የሚገባበትን ኢሜይል ስከፍት የኖርኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ ከተቀባዩ ወገን ሆኜ ያየሁትን ልንገርሽ።

በመጀመሪያ «ሴንት» የሚለውን ፎልደር ክፈቺ። ደብዳቤሽ እዚያ ካለ ከአንቺ ዘንድ ወጥቷል። «ድራፍት» ውስጥ ካገኘሽው ግን ገና አልተላከም። ከአንቺ መውጣቱ ደግሞ ደርሷል ማለት አይደለም። ኢሜይል ከስልክሽ በቀጥታ ሰውየው ስልክ ላይ አይገባም፤ ያንቺ ሰርቨር (ኢሜይል የሚቀበልና የሚያስተላልፍ ኮምፒውተር) ለእሱ ሰርቨር ያስረክባል፣ እሱም ሲመቸው ከዚያ ከፍቶ ያነባል። አድራሻው ከሌለ ወይም ሳጥኑ ከሞላ ብዙውን ጊዜ «ሜይለር ዴሞን» ከሚል ላኪ መልእክት ይመጣልሻል። ብዙ ጀማሪዎች ቫይረስ መስሏቸው ሳያነቡ ያጠፉታል። ሰርቨሩ ራሱ የሚልከው ማስታወቂያ ነው፤ ደብዳቤው ለምን እንዳልደረሰ የሚነግርሽም እሱ ነውና በእርጋታ አንብቢው። ሊንክ ንኪ ወይም ፋይል ክፈቺ የሚልሽ ከሆነ ግን ተጠራጠሪው፤ በዚህ ስም የሚያጭበረብሩም አሉ።

የተሳሳተው አድራሻ የሌላ ሰው ሆኖ ከተገኘ ግን ምንም ማስታወቂያ አይመጣም። ስለዚህ የላክሽበትን አድራሻ ከሥራ ማስታወቂያው ጋር ፊደል በፊደል አስተያዪው። ከ@ በፊት ያለው የባለቤቱ መለያ ነው፣ ከ@ በኋላ ያለው ደግሞ ኢሜይሉ የሚገኝበት ድርጅት። በመሃል ክፍት ቦታ አይገባም። በጂሜይል አድራሻ ከ@ በፊት ያሉት ነጥቦች ቢቀሩም ደብዳቤው ይደርሳል፤ ሌላ ቦታ ግን አንዲት ነጥብ ሰው ትለውጣለች፣ ስለዚህ ሁሉንም እንዳለ ጻፊ።

ቀጥሎ ስፓም፣ ማለትም አጠራጣሪ የመሰሉ ደብዳቤዎች ተለይተው የሚጣሉበት ፎልደር። ርዕሱ ባዶ የሆነ፣ ውስጡ አንድም ቃል የሌለበት፣ ፋይል ብቻ የተንጠለጠለበት ደብዳቤ በተለይ ከአዲስ አድራሻ ሲመጣ በቀላሉ ስፓም ውስጥ ይወድቃል። ኢንቦክስ ቢገባም እንኳ ከፋቹ ማን እንደላከውና ለየትኛው ሥራ እንደሆነ አያውቅም። ጥሩ የትምህርት ማስረጃ ያላቸው ሰዎች በዚህ ብቻ ሲታለፉ አይቻለሁ፣ እስካሁንም ያሳዝነኛል። ርዕሱ ላይ የሥራ መደቡንና ሙሉ ስምሽን ጻፊ። ውስጡ ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገርና ስልክ ቁጥርሽ ይበቃል። ማስረጃሽን ገጽ በገጽ ፎቶ አንስተሽ ከምትበትኚው በአንድ ፒዲኤፍ አድርጊው፣ የፋይሉንም ስም በራስሽ ስም ሰይሚው። ጂሜይል እስከ 25 ሜጋባይት አታች ያደርጋል። የተቀባዩን አድራሻ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ሙዪ፤ ሳይጠናቀቅ ጣትሽ «ሴንድ»ን ቢነካ እንኳ አይሄድም። ያንቺንም ስፓም በየቀኑ እዪ፤ መልሱ እዚያ ተኝቶ ሊሆን ይችላል፣ ጂሜይል ደግሞ ስፓምን በ30 ቀን ያጠፋዋል።

ሲሲ «ጉዳዩን ይወቀው» ለምትይው ሰው ነው፣ ስሙም ለሁሉም ይታያል። ቢሲሲ ላይ ያስገባሽውን ግን ሌሎቹ ተቀባዮች አያዩትም። ለሥራ ማመልከቻ ሁለቱም አያስፈልጉሽም። አሥር ድርጅት በአንድ መስመር ደርድሮ መላክ ደግሞ በፍጹም አይገባም፤ ለእያንዳንዱ ለየብቻ ጻፊ።

መነበቡን በእርግጠኝነት የምታውቂበት መንገድ የለም። አንድ ሳምንት ያህል ጠብቂና ሴንት ውስጥ ያለውን ደብዳቤ ከፍተሽ «ሪፕላይ» በይ፣ አድራሻው የእነሱ መሆኑን አረጋግጪ፣ ከዚያ በትሕትና ጠይቂ። የመጀመሪያው ደብዳቤ አብሮ ስለሚሄድ ከፋቹ ፍለጋ አይገባም። ያንኑ ማመልከቻ አምስት ጊዜ መደጋገም ግን ይጎዳሻል።

ያልጠየቅሽኝን አንድ ነገር ልጨምር፣ ከሁሉም የሚያስጨንቀኝ እሱ ነውና። ኢሜይሉን ያወጣልሽ ማን ነው? ብዙ ጊዜ ዘመድ ወይም ጓደኛ በራሱ ስልክ ቁጥር ያወጣና ፓስወርዱ እሱ ጋ ይቀራል። የፌስቡክሽም ሆነ የሌላው አካውንትሽ ፓስወርድ ሲጠፋ የሚታደሰው ብዙ ጊዜ በዚህ ኢሜይል ስለሆነ፣ ኢሜይሉን የያዘ ሰው ሌላውንም ሊይዝ ይችላል። ፓስወርዱን ራስሽ ለውጪ፣ የመጠባበቂያ ስልኩን የራስሽ አድርጊ፣ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውንም (ከፓስወርዱ ሌላ ተጨማሪ ማረጋገጫ የሚጠይቀውን) አብሪው። «ሥራ አግኝተሻል፣ ክፍያ ላኪ» የሚል ከመጣ ከላይ የሚታየውን ስም አትመኚ፤ ስሙን ላኪው እንደፈለገ ይጽፈዋል። ስሙን ነክተሽ ሙሉ አድራሻውን እዪ። በስልክሽ የሚመጣልሽን የማረጋገጫ ኮድ ለማንም አትንገሪ፣ ሲም ካርድ በቀየርሽ ጊዜም ቁጥሩን በዚያው ቀን ገብተሽ አስተካክዪ።